ማስተካከያ፦ የአንታርክቲካ ጫጩቶች ለምን አለቁ?

ባለፈው ሳምንት አራት ኪሎ ለሚሰበሰበው የንባብ ክበባችን ባሰራጨሁት ጽሑፍ፣ እ.ኤ.አ. በ2022 መጨረሻ በአንታርክቲካ በሚገኘው የቤሊንግስሃውዘን ባሕር ዳርቻ የንጉሠ ነገሥት ፔንግዊን ጫጩቶች ያለቁት በረኀብ ነው ማለቴ ስሕተት ስለሆነ፣ አባላቱን ከልብ ይቅርታ እጠይቃለሁ። በአካባቢው ከሚታወቁት 5 የመራቢያ ሥፍራዎች በ4ቱ ጫጩቶቹ በሙሉ ሳይተርፉ እንደቀሩ የተገመተው፣ የቆሙበት የባሕር በረዶ፣ ውኃ የማያስገባው ላባቸው ሳይበቅል ቀድሞ በመሰባበሩ ነው። ልዩነቱ ቀላል አይደለም፤ ወላጆቹ ዓሣ ቢያገኙም እንኳ መቆሚያ ያጣ ጫጩት አይድንም።

ተንሳፋፊው በረዶ ሲቀልጥ የባሕርን ከፍታ በእጅጉ ይጨምራል ያልኩትም ይታረም፤ ከፍታውን በዋናነት የሚጨምረው ከየብስ የሚወርደው በረዶ ነው። የተንሳፋፊው መመናመን ይበልጥ የሚጎዳው፣ በክረምት ከበረዶው ሥር የሚበቅለውን አልጌ እየተመገበ የሚያድገውን ክሪል የተባለ ሽሪምፕ መሳይ ፍጥረትና እርሱን የሚበሉትን ዓሣ ነባሪዎች ነው።