ኧረ ልጆቹ ይጫወቱበት!

እኛ የደብረ ማርቆስ ወላጆች ምን እንደነካን አልገባኝም። የ4 ዓመት ልጅ ከኬጂ ሲመለስ ቦርሳው ከእሱ ይከብዳል። የቤት ሥራው ደግሞ «ሀ»ን አንድ ገጽ ሙሉ መገልበጥ ነው። ጣቱ እኮ ገና እርሳስ በቅጡ አይጨብጥም! ሳይጨርስ እንቅልፉ ይመጣል፣ ከዚያ ለቅሶ፣ ከዚያ እናቱ እጁን ይዛ ትጽፍለታለች፣ በማግስቱ አስተማሪዋ «ጎበዝ» ብላ ራይት ታደርግለታለች። ማን ነው ጎበዙ?

ለምን አይጫወቱም ብዬ ብጠይቅ «እዚህ ለትምህርት እንጂ ለጨዋታ አይመጡም» ተባልኩ። ወላጁም ደስ ብሎታል። ከፍለን ልጃችን ጭቃ ሲያቦካ ይዋል እንዴ ይላል። አዎ፣ ያቡካ! ነገ እርሳስ የሚይዘው ጭቃ ሲያድቦለቡል፣ ቅልብሎሽ ሲጫወት የጠነከረ ጣት ነው። በጭቃው «ሰ»ን ይሥራና አናቷ ላይ ስንጥር ያጋድምባት፣ «ሸ» ሆነች። «ደ»ንም እንደዚያው «ጀ» ያድርጋት። 33ቱ ፊደል በ7 ሲባዛ 231 ነው፣ ይሄ ሁሉ በግልበጣ ብቻ ሊገባው ነው?

እንቆቅልሽም እንደ ዋዛ ታየ። ፍንጭ ሰምቶ መልሱን የሚያወጣ ልጅ፣ በኋላ አንቀጽ አንብቦ ሐሳቡን ለመያዝ የሚያስፈልገውን ነገር ነው የሚለማመደው። (የእኔው ልጅ ትናንት ማታ የጠየቀኝን መመለስ አቅቶኝ ጎንደርን አስረክቤዋለሁ።) እቃቃ ሲጫወቱስ ሰምታችኋቸዋል? ቅጠሉ ብር፣ ጠጠሩ ስኳር፣ አንዱ ባለሱቅ፣ አንዷ ተከራካሪ፤ ወሬው አያልቅም፣ ቃሉ ከየት እንደሚመጣላቸው እንጃ። ቅጠል ለብር ሊቆም እንደሚችል የገባው ልጅ፣ ወረቀት ላይ ያለ ጭረት ለድምፅ መቆሙ አይከብደውም። እ.ኤ.አ. በ1934 ያረፈው የሩሲያው የሥነ ልቦና ሊቅ ቪጎትስኪ እንኳ ገና ያኔ እንዲህ ያለውን ጨዋታ ከጽሕፈት ጋር አያይዞታል።

«እኛስ የኔታ ዘንድ በአርጩሜ አይደል የተማርነው» የምትሉ አላችሁ። አርጩሜው ብቻ ነው ትዝ የሚላችሁ? ፊደል የቆጠራችሁት እኮ በዜማ፣ እየተቀባበላችሁ ነው! ደግሞስ እነ ዋሸራና ዲማን የመሰሉ የቅኔ ቤቶች ባሉበት ጎጃም፣ ሊቃውንቱ ቃል እያገላበጡ ሰምና ወርቅ ባወጡበት አገር፣ በቃል መጫወት ሥራ ፈትነት የሆነው ከመቼ ወዲህ ነው?

ለማንኛውም የእኔ ልጅ ዛሬ ግልበጣውን አልሠራም። ደብተሩ ላይ «ሲጫወት ስላመሸ ነው» ብዬ ጽፌ ፈርሜበታለሁ። ከፈለጉ ይጥሩኝ።