ማለቁን በምን ታውቃለህ?

እዚህ አሜሪካ ከሰው ጋር ስትተዋወቅ ከስም ቀጥሎ «ምን ትሰራለህ?» ይሉሃል፣ ትንሽ ቆይተው ደግሞ «ትወደዋለህ?» ይሉሃል። መጀመሪያ ሰሞን ይቺ ሁለተኛዋ ጥያቄ ግራ ታጋባኝ ነበር። ስራ ይወደዳል እንዴ? እኛ ደብረ ማርቆስ ስናድግ ስራ የሚገኝ ወይም የሚታጣ ነገር ነው እንጂ የሚወደድ ነገር ነው ብሎ የነገረን የለም። እገሌ ስራ ያዘ ሲባል ሰፈሩ የሚጠይቀው የት ገባ፣ ደሞዙ ስንት ነው፣ ቋሚ ነው ወይስ ኮንትራት ነው፣ ከዛ እናትየው ቡና ታፈላለች፣ ሰው ይመርቃል፣ አለቀ። ልጁ በሶስተኛው ወር ሰኞ ጠዋት ሆዱን እየቆረጠው ቢሄድ ማንም አይጠይቀውም፣ እሱም አይናገርም፣ ቢናገር «ጥጋብ ነው» ይባላላ።

ሚኒሶታ እንደመጣሁ የገባሁት ዌርሀውስ ነው፣ ስሙ ይቆየን። ከምሽቱ 12 ሰአት ተኩል እስከ ሌሊቱ 11 ሰአት፣ በሳምንት አራት ቀን። ስካነር ይሰጡሃል፣ ስካነሩ የመደርደሪያ ቁጥር ይነግርሃል፣ ሄደህ ታነሳለህ፣ ጢጥ ይላል፣ ሳጥን ውስጥ ትከታለህ፣ ጢጥ ይላል፣ ቀጥሎ። የውሻ ሹራብ፣ የመጥበሻ ክዳን፣ የህፃን ጫማ፣ የሻማ ማስቀመጫ፣ ደግሞ የውሻ ሹራብ (እዚህ አገር ውሻ ይበርደዋል)። ስክሪኑ ጥግ ላይ አንዲት ቀጭን መስመር አለች፣ ስትፈጥን አረንጓዴ ትሆናለች ስትዘገይ ትቀላለች፣ ሽንት ቤት ገብቼ እንኳን የማስበው አሁን ቀላች እያልኩ ነበር። ደሞዙ መጥፎ ነበር አልልም፣ እዚህ የፌደራሉ ዝቅተኛ የሰአት ክፍያ ከ2009 እ.ኤ.አ ጀምሮ 7 ዶላር ከ25 ሳንቲም ላይ ቆሞ ቀርቷል፣ እኔ ከእጥፉ በላይ ነበር የማገኘው፣ ሬንቱን እከፍላለሁ፣ ለእናቴም እልካለሁ። ግን ሁለት አመት ሙሉ አጠገቤ የሚሰራው የሶማሌ ልጅ ስሙን በደንብ የያዝኩት ሲለቅ ነው። ሁላችንም ጆሯችን ላይ ኢርፎን ሰክተናል።

በ2015 ጥር፣ ለጥምቀት፣ ከስንት አመት በኋላ አገር ቤት ገባሁ። ከበአሉ በኋላ አማኑኤል አካባቢ ያለው አጎቴ ጋ ወረድኩ፣ የእናቴ ታላቅ ነው፣ እድሜ ልኩን አራሽ። ስደርስ ጤፍ አውድማ ላይ ነው። አውድማው በእበት ተለቅልቆ እንደ ሲሚንቶ ወለል ደርቋል፣ በሬዎቹ አበራይተው ጨርሰው ዳር ላይ ገለባ ያመነዥካሉ፣ እሱ መንሹን ይዞ ቆሟል። ንፋስ የለም። ያለ ንፋስ ምርቱ ከእብቁ አይለይም፣ ስለዚህ መጠበቅ ነው። ሰውዬው ተቀመጠ፣ ጋቢውን ትከሻው ላይ አስተካከለ፣ ስለ ጎረቤት ሰርግ ያወራኝ ጀመር። እኔ ሰአቴን አየሁ። ሁለቴ አየሁ። መስመሯ የቀላች መሰለኝ እኮ! እሱ ግን ጭራሽ ስራ የቆመ አልመሰለውም፣ መጠበቁም ስራው ውስጥ ነው።

«ስንት ኩንታል ይወጣዋል?» ብዬ ስጠይቀው ደግሞ አፈጠጠብኝ። ረስቼው ነው፣ አውድማ ላይ ያለ እህል አይቆጠርም፣ በረከቱ ይሸሻል። እኔ ካንዱ ቢፕ እስከሌላው ቢፕ ያለውን ሰከንድ ከሚቆጥር ማሽን ስር ነው የመጣሁት፣ በምን ላስታውሰው።

ከዛ እሱ በተራው ያዘኝ።

«እዛስ ስራህ ምንድን ነው?»

«ዕቃ አነሳለሁ።»

«የማን ዕቃ?»

«የሰው። ሰው በስልኩ ያዛል፣ እኔ ከመደርደሪያ አወርዳለሁ።»

«ሰውዬውን ታውቀዋለህ?»

«አላውቀውም።»

«እሺ፣ አውርደህ የት ታደርሰዋለህ?»

«ሳጥን ውስጥ እከተዋለሁ፣ ከዛ ሌላ ሰው ይወስደዋል።»

መንሹን ተደግፎ ትንሽ አሰበ። «ታዲያ ማለቁን በምን ታውቃለህ?»

«ሰአቴ ሲሞላ» አልኩት። ሳቀ። ቀልድ መስሎት ነው።

ወዲያው ንፋሱ መጣ፣ እሱም ተነስቶ ወደላይ ይበትነው ጀመር፣ እብቁ ወደ ጎን ሲሄድ ጤፉ እግሩ ስር ሲወርድ ድምፁ እንደ ካፊያ ነው። ማታ ላይ ክምሩን በላይዳ ሰብስቦ አናቱን በእጁ ዳበስ አደረገው። እኔ ሁለት አመት ሙሉ እንዲህ ዳበስ ያደረግኩት ነገር ትዝ አላለኝም።

ከተመለስኩ በኋላ ኮሌጅ የማታ ክፍል ወስጄ ነበር፣ አስተማሪው ስለ ኸርዝበርግ ሲያወራ አጎቴ ነው የመጣብኝ። ኸርዝበርግ የሚባለው አሜሪካዊ የስነልቦና ሰው በ1959 እ.ኤ.አ ከሌሎች ሁለት ሰዎች ጋር ባሳተመው ጥናት ላይ ፒትስበርግ አካባቢ ያሉ 200 የሚሆኑ ኢንጂነሮችና አካውንታንቶች ስራቸው መቼ ደስ እንዳላቸው መቼ እንዳስጠላቸው ጠይቋል፣ እና ያገኘው ነገር ሰውን የሚያስጠላውና ሰውን ደስ የሚያሰኘው የአንድ ነገር ሁለት ጫፍ አይደሉም የሚል ነው። ደሞዝ፣ አለቃ፣ የስራ ቦታ ሁኔታ፣ እነዚህ ሲጎድሉ ያንገበግቡሃል፣ ሲሟሉ ግን ዝም ያሰኙሃል እንጂ አያስደስቱህም። የሚያስደስትህ ስራው ራሱ ነው፣ አንድ ነገር ፈፀምኩ ማለት፣ ጎሽ መባል፣ ኃላፊነት። ሁሉም ሊቅ አይስማማበትም፣ እኔ ግን በዌርሀውሱ አይቼዋለሁ፣ ደሞዝ በጨመሩልን ቁጥር ደስታው እስከ ሁለተኛው ፔይቼክ ነው የሚቆየው።

ጎሽ መባል ስል፣ የጎጃም ሰው ይሄን ከማንም በላይ ማወቅ ነበረበት። የቅኔ አገር ነን፣ ዋሸራ፣ ጎንጅ፣ ዲማ። የቆሎ ተማሪ እየለመነ፣ ውሻ እየነከሰው፣ አመታት የሚቀመጠው ለደሞዝ አይደለም፣ የኔታም ቢሆኑ ከደሞዝ የሚቆጠር ነገር የላቸውም። ግን አንዱ ተነስቶ ጥሩ አድርጎ ሲቀኝ ማህበሩ «ይበል!» ይላል። ያቺ «ይበል» ልጁን ሌላ አመት ታስቀምጠዋለች። እኛ ዌርሀውስ ታርጌት ስንመታ ፒዛ ነበር የሚገዛልን። ፒዛው ደግሞ ሁሌ ይበርዳል።

አሁን ይሄን አንብቦ «በቃ ገበሬ ነው ደስተኛው፣ ወደ አፈራችን እንመለስ» የሚል ዳያስፖራ አይጠፋም፣ አውቃችኋለሁ፣ ቆይ ልጨርስ። ያው አጎቴ ትንሹን ልጁን እርፍ አያስይዘውም፣ «እኔ ወድጄው ነው፣ አንተ ግን ተማር» ይለዋል፣ ሁለቱን ባንድ አፍ። ያን አመት ክረምት ማዳበሪያ ጠፍቶ ገበሬው በየቦታው ሰልፍ ሲወጣ እሱም ከወረዳ ወረዳ ሲንከራተት ነው የከረመው፣ መሬቱን ገምሶ አይሞ ሰልሶ ጨርሶ፣ ከዛ የሚጠብቀው ንፋስ ሳይሆን ቢሮ ሆነ። ንፋስ ሲቀር አይከፋውም፣ ቢሮ ሲቀር ግን ሌሊት ይባንናል አለችኝ ሚስቱ።

አብሮኝ የተማረ ጓደኛዬ ደግሞ ሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስ አስተማሪ ነው። ስራውን እንደሱ የሚወድ ሰው አላየሁም፣ ላብራቶሪ ስለሌለ በሽቦና በባትሪ ድንጋይ ሰርቶ ያሳያል፣ «ሲገባቸው እኮ ዓይናቸው ላይ ይበራል» ይላል፣ እሱን ሲያወራ የራሱም ዓይን ይበራል። ደሞዙ ግን በወሩ አጋማሽ ያልቃል። ከሱቅ በዱቤ ይወስዳል፣ ባለሱቁ ደግሞ የራሱ ተማሪ የነበረ ነው፣ እና ሱቁ ጋ ሲደርስ «ቲቸር» ሲለው አንገቱን ይደፋል። ይሄ ሰው ፍቅር አልጎደለውም፣ ዘይት ነው የጎደለው። አሁን ባጃጅ ለመግዛት ዕቁብ ገብቷል። ጦርነቱ ከመጣ ወዲህ ደግሞ ትምህርት ቤቱ ራሱ ተዘጋ ተከፈተ ሆኗል። እዚህ «ፓሽንህን ተከተል» እያሉ የሚሰብኩትን ሰምቼ እሱን ሳስብ እናደዳለሁ፣ ተከተለው እኮ፣ ፓሽኑ ነው ሱቅ ደጃፍ አድርሶ ጥሎት የሄደው።

ቢሮዎቻችንንማ አታንሱብኝ። ወረዳ ለአንዲት ወረቀት ሶስት ቀን ተመላልሼ «ባለሙያው ስልጠና ሄዷል» ተባልኩ፣ በአራተኛው ቀን ባለሙያው መጣ፣ ፊቱ ወዝቶ፣ ምክንያቱም ስልጠናው አበል ነበረው። ልፈርድበት አልችልም፣ አመቱን ሙሉ ማህተም ሲመታ ማን ዞር ብሎ አየው? ባህርዳር ደርሶ ሆቴል አድሮ ስሙ ባጅ ላይ ተፅፎ የሚውለው ያኔ ብቻ ነው።

ፈረንጁም ቢሆን «ስራህን ትወደዋለህ?» የሚልህ የራሱን ስለሚወድ አይደለም። ጋሎፕ የሚባለው ድርጅት በየአመቱ በአለም ዙሪያ ሰራተኛ ይጠይቃል፣ በ2023 እ.ኤ.አ ልቡን ሰጥቶ የሚሰራው 23 በመቶ ብቻ ነው ብሎ ነበር፣ ሌላው ወይ ገላው ብቻ ነው ስራ ቦታ ያለው ወይ ጭራሽ አኩርፏል። በእረፍትም ቢሆን እንበልጣቸዋለን ብላችሁ ታምናላችሁ? የኛ የአሰሪና ሰራተኛ አዋጅ 1156/2011 ገና በመጀመሪያው አመት 16 የስራ ቀን ከክፍያ ጋር ፈቃድ ይሰጣል፣ አሜሪካ ውስጥ የፌደራል ህጉ ግል ድርጅቱን አንድም ቀን አያስገድደውም። አጎቴማ ተዉት፣ ሚካኤል፣ ማርያም፣ ጊዮርጊስ፣ መድኃኔ ዓለም፣ ባለእግዚአብሔር፣ ቅዳሜና እሁድን ጨምርበት፣ ሞፈር ቀንበር አያነሳም። (እኛ አገር በበዓል ብዛት ድህነት መጣ የሚሉ አሉ፣ በሌላ ቀን እንከራከራለን።)

የኔን ልንገራችሁ። ዌርሀውሱን ለቅቄ ነርሲንግ ሆም ገባሁ፣ ሽማግሌና አሮጊት ማጠብ፣ ማልበስ፣ ማብላት። በሰአት ሁለት ዶላር ቀንሶብኛል። ለእናቴ ስነግራት ዝም አለች፣ ከዛ «ለሰው ነርስ ነው እላለሁ» አለችኝ። የሰው ገላ የሚያጥብ ልጅ አላት እንዳይባል ነው። አልተቀየምኳትም። አፄ ምኒልክ ብረት የሚሰራውን ጠይብ፣ የሚሸምነውን ቁጢት እያላችሁ አትስደቡ ብለው አዋጅ ያስነገሩት በ1900 ዓ.ም ነው፣ ከዛ ወዲህ ስንት መንግስት ሄደ፣ እኛ ጋ ስራ አሁንም የሚለካው ደስ ይላል አይልም ሳይሆን ለቅሶ ቤት ሲጠራ እንዴት ይሰማል በሚል ነው። ነርስ ጥሩ ይሰማል።

ስራው ቀላል አይደለም፣ ወገቤ አልቋል፣ ሰው ሲቀር የሁለት ሰው ነው የምትሰራው፣ ደግሞ የለመድከው ሰው ይሞታል፣ ጠዋት ስትገባ አልጋው ተነጥፎ ታገኛለህ። ግን አንዲት 91 አመት የሆናት ሴትዮ አለች፣ እዚሁ ሚኒሶታ እርሻ ላይ ያረጀች፣ ማስታወሷ ሄዷል፣ ስሜን አታውቅም። ሁልጊዜ ጠዋት ፀጉሯን ሳበጥርላት እጄን ትይዝና «ላሞቹ ታልበዋል?» ትለኛለች። መጀመሪያ ላሞች የሉም ስላት አለቀሰች። አሁን «ታልበዋል» እላታለሁ፣ እጄን ትለቀዋለች፣ ቁርሷን ትበላለች።

ባለፈው ስልክ ሲሰራ አጎቴ ደወለ። እንደተለመደው ከከብቱ ጀምሮ እስከ ጎረቤት ሰላምታ ጨረስንና «ያ ማለቂያ የሌለው ስራህስ?» አለኝ። ለቅቄ እንዲህ ያለ ስራ ይዣለሁ ብዬ የሴትዮዋን ነገር አጫወትኩት። እንደናቴ ዝም ይላል ብዬ ስጠብቅ «ታዲያ ዛሬስ እንዴት አደረች?» አለኝ።

«ደህና ናት፣ በልታለች።»

«ላሞቹ የሏትም አልከኝ?»

«የሏትም።»

«ይሁን፣ አታስለቅሳት። ደሞ ስንት ሊትር ሆነ ካለችህ አይቆጠርም በላት» አለና የራሱ ሳቅ ሳያልቅ መስመሩ ተቋረጠ።