ይድረስ ለቅስቀሳው ሞንታርቦ፣ ባለህበት የመኪና ጣሪያ

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እኛ ከድምፅህ በስተቀር ተመስገን ደህና ነን።

ከንጋት ጀምሮ ከፒያሳ ቧንቧ ውሃ፣ ከቧንቧ ውሃ ሰኞ ገበያ ስትመላለስ እያየን አዝነንልሃል። የደሴ ዳገት ባዶውን ለሚወጣ እንኳ ይከብዳል፤ አንተ ደግሞ የሰው ጉድ ተሸክመህ ነው። ተፎካካሪው ከየትኛው ስብሰባ ተነስቶ እንደወጣ፣ ኮቱን ከማን እንደተዋሰ፣ ከአማቱ ጋር ለምን እንደተኳረፈ ነግረኸናል። ይኸው አሁን በየቡናው፣ ከአቦል እስከ በረካ፣ የሚነሳው እሱ ሆነ። ያንተን እጩ ስም ግን የሚያውቀው የለም። ቢበዛ "ያ የሚሳደበው" ይባላል፤ ድምፅ መስጫ ወረቀቱ ላይ ደግሞ እንዲህ የሚባል ምልክት አይገኝም።

አብሽር፣ ጥፋቱ ያንተ ብቻ አይደለም። ከማይኩ እንጀምር። የእጅ ማይክ ቁልፉ ሲጫኑት ነው የሚከፈተው። ያንተ ቀስቃሽ ግን ንዴቱ ጣቱን ይቀድመዋል፤ ሳይጫን ይጀምርና የመጀመሪያው ድምፅ ተበልቶ ይቀራል። አማርኛ ደግሞ እምቢታውን የሚያስቀምጠው ከፊት ነው። ሰውዬው ደም ሥሩ እስኪገተር "አትምረጡት!" ሲል፣ "አት" መኪናው ውስጥ ትቀርና ሆጤ የሚደርሰው "ምረጡት!" ብቻ ነው። ተፎካካሪው ነዳጅ ሳይሞላ፣ አበል ሳይከፍል ይህን ያህል ሲቀሰቀስለት ዝም ብሎ ቤቱ ቢቀመጥ ምን ይገርማል? መድኃኒቱ ቁልፉን ተጭኖ አንድ ትንፋሽ መውሰድ ነበር። ችግሩ፣ ትንፋሽ የወሰደ ሰው የሚናገረውን ማሰብ ይጀምራል።

ፍጥነቱስ? መኪናው በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ሲሄድ በሰከንድ አምስት ሜትር ተኩል ያህል ይጓዛል። ደጃፏ ላይ ጎመን የምትቀነጥስ እናት ንግግሩ የሚገባት መኪናው 50 ሜትር ሲቀረው ጀምሮ 50 ሜትር እስኪያልፋት ነው እንበል፤ በጠቅላላው 18 ሰከንድ ናት። ከዚያች ውስጥ የተፎካካሪው ስም ከነቅጽሉ አስራ አምስቱን ይበላል። "የእኛ ምልክት..." ሲባል መኪናው ታጥፏል። እናታችን የሰሙት አንድ ስም ነው፤ የማን እንደሆነ አንተም ታውቃለህ።

የጦሳ ተራራም አለ። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ስለሚሄድ፣ 170 ሜትር ርቆ የቆመ ግንብ ወይም ገደል ያሉትን ከአንድ ሰከንድ በኋላ ይመልሳል። "ሌባ!" ብለህ ስትለቅ "ሌባ!" ብሎ ለላኪው ይመልስልሃል። ተራራ ወገን አይለይም።

ስለ ፉጨትህ ብዙ አንልም። ቀስቃሹ ማይኩን ይዞ በመስኮት አንገቱን ሲያወጣ፣ ከአንተ የወጣው ድምፅ ተመልሶ ማይኩ ውስጥ ይገባል፣ እንደገና ይጎላል፣ እንደገና ይገባል፤ መጨረሻው የሰኞ ገበያን በግ የሚያስደነብር ሲጥታ ነው። ማይኩን ወደ ውስጥ መሳብ፣ ድምፁን ዝቅ ማድረግ፣ አፍህንም ከመስኮቱ አርቆ ማሰር ይበቃል።

ሰውዬህ ግን "የፕሬዚዳንት እጩዎች በአሜሪካ እንዲህ ነው የሚቀሰቅሱት" ይላል አሉ። እኛ አገር ፕሬዚዳንቱን በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 70 መሠረት የሚመርጡት ሁለቱ ምክር ቤቶች በጋራ ተሰብስበው፣ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ስለሆነ ለዚያ ሥልጣን ሰኞ ገበያ ድረስ መድከም አያስፈልግም። ከአሜሪካ መኮረጅ ካማረው ደግሞ አስተካክሎ ይኮርጅ። በ1964 እ.ኤ.አ. ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን በተፎካካሪው በባሪ ጎልድዋተር ላይ ያስነገረው የቴሌቪዥን ማስታወቂያ የአንድ ደቂቃ ነው፦ አበባ እየቀነጠሰች የምትቆጥር ሕፃን፣ ከዚያ የኑክሌር ፍንዳታ። ተከፍሎበት የታየው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ጎልድዋተር የሚል ስም ከጫፍ እስከ ጫፍ የለበትም፤ ምረጡት ተብሎ የተጠራው ጆንሰን ነው። ማስታወቂያው ደግ ነበር አላልንም፤ ግን ተንኮልም እንኳ ሙያ ይጠይቃል። ያንተ ሰው በቀን አርባ ጊዜ የሚጠራው የጎልድዋተሩን ነው።

አዋጅ ቁጥር 1162/2011 ስሙ ላይ ራሱ "የምርጫ ሥነ ምግባር" የሚል አለበት። እስከ ውስጡ ማንበብ ከከበደ፣ ሽፋኑን ለቀስቃሹ ብታነብለት ምናለ?

በ2013ቱ ምርጫ ከሰኔ 14 በፊት እንደነበሩት አራት የጥሞና ቀናት፣ ያንተም የዕረፍት ቀን ይደርሳል። ያኔ ከጣሪያው ወርደህ ለሠርግ ትከራያለህ። እዚያ የሙሽራው ስም ነው የሚጠራው፤ ሽማግሌ ልኮ ያልተሳካለትን ሰውዬ ማንም አያነሳውም።

አክባሪዎችህ፣
ከሰኞ ገበያ በላይ ያለን መራጮች

ማስታወሻ፦ ሞተር አጥፍቶ መጮህ ይቅርብህ። ባለ 100 ዋቱ አምፕሊፋየር በሙሉ ድምፅ ከ12 ቮልቱ ባትሪ ከ8 አምፔር በላይ ይስባል። ባትሪው ከሞተ መኪናዋን ዳገት ላይ የምንገፋው እኛው ነን፤ ስንገፋ ደግሞ የምንጠራው የሚቀናንን ስም ነው።