ክርክር፦ ማዋቀሪያ ፋይሉ ሲጎድል ግንባታው ይቁም?

መነሻ፦ በጂኤንዩ ሜክ (ኮድን ወደሚሠራ ፕሮግራም የመለወጡን ሥራ፣ ማለትም ግንባታውን፣ በተጻፈለት ደንብ በሚያስኬደው መሣሪያ) «ኢንክሉድ» በሚለው ቃል የተጠራ ፋይል ካልተገኘና የሚሠራበት ደንብ ከሌለ ግንባታው በስህተት ይቆማል። ከቃሉ ፊት ሰረዝ ሲጨመር ግን ምንም ሳይል ያልፋል። የመከራከሪያው ሐሳብ «ለማዋቀሪያ ፋይሎች (የግንባታው አማራጮች ለሚጻፉባቸው) ሰረዙ ይከልከል» የሚል ነው።

ደጋፊ፦ ይከልከል። ሜክ ያልተገለጸ ተለዋዋጭ (እሴት የሚይዝ ስም) ሲያገኝ በባዶ ይተካዋል እንጂ አይቆጣም። የውጤት ማውጫው ስም በጠፋው ፋይል ውስጥ ነበር እንበል። የጽዳት ትእዛዙ ከማውጫው ስም ቀጥሎ እዝባርና ኮከብ ጽፎ «ይህን ሁሉ አጥፋ» ይላል። ስሙ ባዶ ሲሆን የሚቀሩት እዝባሩና ኮከቡ ናቸው፤ ይህም በኮምፒውተሩ ሥር ማውጫ ያለው ሁሉ ማለት ነው። ሌላ ማስረጃ ያስፈልጋል?

ተቃዋሚ፦ ማስፈራራት ክርክር አይደለም። ጂሲሲ፣ ኮድን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚለውጠው (ኮምፓይል የሚያደርገው) ፕሮግራም፣ የጥገኝነት መረጃ፣ ማለትም የትኛው ፋይል በየትኛው ላይ እንደሚመሠረት፣ የሚጽፍባቸው ፋይሎች ከመጀመሪያው ኮምፓይል በፊት የሉም፤ ያለ ሰረዙ ኮዱን አዲስ ያወረደ ሰው በር ላይ ይቀራል። ማዋቀሪያም ቢሆን አንዱ በራሱ ኮምፒውተር ላይ ብቻ የሚይዘው የግል ማስተካከያ አለ። ሌላው ባዶ ፋይል እንዲፈጥር ይገደድ? ጉድለቱ ጎጂ ከሆነ ጠንቃቃ መሐንዲስ ከግንባታው መዝገብ ላይ ያየዋል።

ደጋፊ፦ «ከመዝገቡ ላይ ያየዋል»! ምኑን? ሰረዙ እኮ አንድ ቃል አያጽፍም። ያልተጻፈ የሚያነብ መሐንዲስ ካለዎት ያስተዋውቁኝ፤ ደመወዙን እኔ እከፍላለሁ። የሊኑክስ ከርነልን፣ የሥርዓተ ክወናውን እምብርት፣ ግንባታ ይመልከቱ፤ ማዋቀሪያ ፋይሉ «ዶት ኮንፊግ» ከሌለ ይቆማል፣ ፋይሉ አለመገኘቱን ይናገራል፣ «ሜክ ሜኑኮንፊግ»ን የመሰሉ ማዋቀሪያውን የሚያዘጋጁ ትእዛዞችን በስም ጠርቶ መውጫውን ያሳያል።

ተቃዋሚ፦ ከርነሉን ካነሱ ሙሉውን ያንሱ። «ዴፍኮንፊግ» የተባለው ትእዛዙ ሙሉ ማዋቀሪያ በነባሪ እሴቶች (ሌላ ካልተመረጠ በሚያዙት) ይሠራል፤ «ኦልድዴፍኮንፊግ» የጎደሉትን አማራጮች ማንንም ሳይጠይቅ ይሞላል። አርአያዎ ራሱ ጉድለትን ይታገሣል። ሜክም ባልተገለጹ ተለዋዋጮች ላይ የሚያስጠነቅቅበት አማራጭ አለው።

ደጋፊ፦ ከርነሉ ሲታዘዝ ይሞላል፤ ሳይታዘዝ አይሞላም። የሜክ ማስጠንቀቂያም ሰው ካልጠየቀው አይመጣም። እና ያ ጠንቃቃ መሐንዲስዎ እስካሁን ባዶ ወረቀት ላይ አፍጥጧል?

ተቃዋሚ፦ መሐንዲሱን ይተዉት! የጥገኝነት ፋይሎቹን ጉዳይ ሁለት ጊዜ ዘለሉት፤ የሚመልሱት ስለሌለዎት ነው። እኔ የምለው ነባሪ እሴቶቹ በሜክፋይሉ (የሜክ ደንቦች በሚጻፉበት ፋይል) ውስጥ ይጻፉ፣ ከዚያ ፋይሉ በሰረዝ ይጠራ ነው። ያን ጊዜ ባዶ የሚሆን ተለዋዋጭ የለም።

ደጋፊ፦ ይህን አሁን ገና መናገርዎ ነው። ሲጀምሩ ስለ ነባሪ እሴት አልተናገሩም። ለመሆኑ ለመፈረሚያ ቁልፍ፣ ፕሮግራሙ የእርስዎ መሆኑን ለሚያረጋግጠው ምስጢራዊ ኮድ፣ ምን ነባሪ ይጽፋሉ? የጎረቤትዎን ቁልፍ?

ተቃዋሚ፦ ለቁልፍ ማን ነባሪ ይጻፍ አለ? እሱን ያለ ሰረዝ ይጥሩት፤ ከፈለጉ እየጮኸ ይቁም። የእርስዎ ሐሳብ ግን ሁሉንም ማዋቀሪያ በአንድ ገመድ ያስራል፤ የእኔን የግል ማስተካከያ ፋይል ከቁልፍ ጋር ማን አዛመደው? ሰረዙን ከእሱ ላይ አላነሳም።