ወጌሻ ለአውራ ጣት

አንድ ውድድር «ዓለም አቀፍ» ለመባል ስንት አገር ያስፈልገዋል? በድሬዳዋ ከዚራ በተባለው ሰፈር ካሉት ትልልቅ ዛፎች በአንዱ ሥር፣ ሻይና ሳምቡሳ ቀርቦ በተካሄደ ስብሰባ ይህ ጥያቄ ተነሥቶ ብዙም ሳያከራክር መልስ አገኘ። ሁለት ይበቃል። አንዷ እኛ ነን። ሁለተኛዋ ጅቡቲ ናት። ለድሬዳዋ ሰው ከአዲስ አበባ ይልቅ የምትቀርብ፣ 300 ኪሎ ሜትር ግድም ወረድ ብሎ የምትገኝ ውጭ አገር። ከዚህ የረከሰ ውጭ አገር ማንም ሊያገኝልን አይችልም።

ነገሩ የፕሌይስቴሽን እግር ኳስ ውድድር ነው። ጨዋታውን የሚሠራው ኩባንያና ፊፋ ከተፋቱ በኋላ ከ2023 እ.ኤ.አ. ወዲህ መጠሪያው «ኤፍሲ» ሆኗል፤ የሰፈራችን ልጆች ግን ፍቺውን ስላልተቀበሉ ዛሬም «ፊፋ» ነው የሚሉት። ሐሳቡን ያመጡትም እነሱ ናቸው። ከድሬዳዋ ስምንት፣ ከጅቡቲ ስምንት ልጆች በአንድ አዳራሽ ጎን ለጎን ተቀምጠው ይግጠሙ አሉ። በኢንተርኔት ሲጫወቱ የተሸነፈው ሁሉ «ኔትወርኩ ነው» እያለ መነሣቱ ሰልችቷቸዋል። ጥሩ ሐሳብ ነው። የተበላሸው ለታላላቆቻቸው የነገሩ ዕለት ነው። እኛ ታላላቆች አንድን ነገር ጥሩ ሆኖ ካገኘነው ዝም ብለን አናልፈውም፤ ኮሚቴ እናቋቁምለታለን።

ኮሚቴው መጀመሪያ የገዛው ማኅተም ነው። ክብ ሆኖ፣ ዙሪያውን ጽሑፍ፣ መሐሉ ላይ ኳስ፣ ከኳሱ በላይ ባቡር ያለበት። ባቡሩ ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1902 እ.ኤ.አ. እዚህ ሲደርስ ወደ ሐረር ተራራ መውጣቱ ስላልሆነለት ከተማችን እግሩ ሥር ተወለደች፤ ስለዚህ ያለ ባቡር የሚሠራ ማኅተም የለም። የማኅተሙ ዋጋ የተከፈለው ከልጆቹ መዋጮ ነው።

ወደ ደንቡ ልለፍ። ጸሐፊ ሆኜ ስለተመረጥሁ እያንዳንዱ አንቀጽ ሲረቀቅ በዓይኔ አይቻለሁ፤ አንቀጽ ሁሉ ባለቤት አለው። ሕግ አውጪዎቻችን ስለ ጨዋታው ሳይሆን ስለሚያውቁት ሰው ነው የሚያስቡት። «ተጋጣሚው ኳስ ይዞ ወደ ጎል ሲያመራ ጨዋታውን ማቋረጥ ክልክል ነው» የሚለው የተጻፈው ለባጃጅ ነጂው ጓደኛችን ነው። እሱ ጎል ሊገባበት ሲል ሁልጊዜ ስልክ ይደወልለታል፤ ስልኩ ጠፍቶ ኪሱ ውስጥ እያለ እንኳ ይደወልለታል። «ጆይስቲክ ተበላሽቷል የሚል አቤቱታ የሚቀርበው ከጨዋታው በፊት እንጂ ከጎሉ በኋላ አይደለም» የሚለው መድኃኒት ቤት የሚሠራውን ይመለከታል። «ተመልካች በተጫዋቹ ጆሮ አያንሾካሹክም» የሚለው ደግሞ የፀጉር አስተካካያችን ነው፤ ሙያው ሆኖበት የሰው ጆሮ ካገኘ አይለቅም። የሚገርመው፣ የባጃጁ አንቀጽ ድምፅ ሲሰጥበት መጀመሪያ እጁን ያወጣው ራሱ ባጃጅ ነጂው ነው። «አቦ፣ ደግ አደረጋችሁ! እንዲህ የሚያደርጉ አሉ እኮ!» አለ፣ ዙሪያውን እየተመለከተ።

ከሁሉ ረጅም ጊዜ የወሰደው የውድድሩ አደረጃጀት ነው። ሰብሳቢያችን ፍትሕ ይወዳሉና «ሁሉም ከሁሉም ይጋጠም» አሉ። ሐሳቡ ተጨበጨበለት። ገንዘብ ያዡ ሳምቡሳ በጠቀለለበት ወረቀት ላይ ሲያሰላው አሥራ ስድስት ሰው ሁሉም ከሁሉም ሲጋጠም 120 ጨዋታ ይሆናል። አንዱ አጋማሽ ስድስት ደቂቃ ቢሆን፣ ከነእረፍቱና ከነጭቅጭቁ አንድ ጨዋታ 20 ደቂቃ ይፈጃል። በአንድ ቴሌቪዥን 40 ሰዓት፤ ያለ እንቅልፍ፣ ያለ ምሳ። ሰብሳቢው «ፍትሕ ዋጋ ያስከፍላል» አሉ። ሌላው ተነሥቶ የተሸነፈ ወዲያው ይውጣ፣ 15 ጨዋታ ብቻ ይሆናል ሲል፣ ፓስፖርት አውጥቶ፣ የቢጫ ወባ ካርድ ይዞ፣ ድንበር አቋርጦ በ20 ደቂቃ ተሸንፎ የሚመለስ ልጅ ለሰፈሩ ምን ብሎ ይናገራል የሚል ብርቱ ተቃውሞ ተነሣ። ይሉኝታ ሒሳብን አሸነፈ።

በመጨረሻ ሻይ ሊያቀብል የመጣ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ፣ የጌም ቤቱ ሻምፒዮን፣ ትሪውን እንደያዘ «አራት አራት ሆነን በአራት ምድብ እንከፈልና ከየምድቡ ሁለት ይለፍ። ከነደረጃ ጨዋታው 32 ጨዋታ ነው፤ በሁለት ቴሌቪዥን አምስት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ» ብሎ ኩባያዎቹን ሰብስቦ ሄደ። ኮሚቴው ከዚያ በኋላ ሁለት ሰዓት ተወያይቶ «በሰብሳቢው አቅራቢነት» ይህንኑ አጸደቀ።

የዚህን ልጅ ጆይስቲክ አይቻለሁ። የአውራ ጣት ማረፊያው ጎማ ተልጦ አልቋል፤ በምትኩ ከብስክሌት ጎማ የውስጥ ላስቲክ ክብ አድርጎ ቆርጦ ለጥፎበታል። አናሎጉ፣ በአውራ ጣት የሚገፋው ዘንግ፣ ብቻውን ወደ ግራ ስለሚያደላ ልጁ ሁልጊዜ በስሱ ወደ ቀኝ እየገፋ ነው የሚጫወተው። እንዲህ ሆኖ ነው ሁሉንም የሚያሸንፈው። አዲስ ጆይስቲክ ይገዛለት የሚል ሐሳብ ቀርቦ ነበር፤ «በጀት አያስገባውም» ተብሎ ታለፈ።

የጁምዓ ሶላት አንቀጽ በአንድ ደቂቃ ጸደቀ። የጾምና የፍስክ ምሳም እንዲሁ። ድሬዳዋ ላይ በዚህ ጉዳይ የሚከራከር ሰው የለም፤ እንኳን ኮሚቴ ዕድርም አይከራከርበት። ከሰዓት በኋላ ከጫት ሰዓት ጋር እንዳይጋጭ የሚለውም ያለ ተቃውሞ አለፈ፤ እዚህም እዚያም ያለው ሰው በዚያ ሰዓት ለማንም ጎል ደንታ የለውም።

የሰዓቱ ነገር ግን ጉድ አመጣ። ውድድሩ የሚደረገው ጅቡቲ ስለሆነ ለአዳራሹ ባለቤት በፈረንሳይኛ ደብዳቤ መጻፍ ነበረበት። በእኛ ከተማ ለፈረንሳይኛ ደብዳቤ የሚኬደው የጥንቱ ምድር ባቡር ጡረተኛ ዘንድ ነው። እኛም አንድ የተከበሩ ሽማግሌ አግኝተን ቃለ ጉባኤውን ሰጠናቸው፤ በሚያምር የእጅ ጽሕፈት ገልብጠው መለሱልን። ከጅቡቲ የመጣው መልስ አጭር ነበር። የአዳራሹ ባለቤት በእንግድነታችን እንደሚደሰት፣ ሆኖም ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ በር የሚከፍት ዘበኛ እንደሌለው ገልጾ፣ የኢትዮጵያ ልጆች መቼ እንደሚተኙ በትሕትና ይጠይቃል። ቃለ ጉባኤው «3 ሰዓት» ይላል፤ እኛ ጠዋቱን ማለታችን ነው፣ እነሱ ግን የሚቆጥሩት ከእኩለ ሌሊት ጀምረው ነው።

«ጋሼ፣ ይህን እርስዎ ያውቁት የለም እንዴ?» አልኳቸው።

«አሳምሬ ነው እንጂ የማውቀው» አሉ ሽማግሌው ሳይደነግጡ። «የባቡር ሰው ግን የተጻፈለትን ሰዓት አይነካም ልጄ። ሰዓት መንካት የጀመረ ቀን ሁለት ባቡር ይጋጫል።»

መብራት ቢጠፋስ? ይህኛው አንቀጽ ኮሚቴውን ለሁለት ከፈለው። ጅቡቲ ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከእኛ ኤሌክትሪክ ትገዛለች፤ መስመሩ የሚያልፈው በዚሁ በእኛ በኩል ነው። ከሽንሌ በኩል ደግሞ የመጠጥ ውኃ በቧንቧ ይወርድላታል። ጫቱ በየቀኑ ይሄዳል። እንግዲህ ሦስት ለባዶ እየመራን መብራት ቢጠፋ፣ ጥፋቱ የአስተናጋጁ ነው ወይስ ኤሌክትሪኩን የላከው የእንግዳው? ኦዲተራችን «ብንሸነፍ የእነሱ፣ ብናሸንፍ የማንም አይደለም» የሚል አንቀጽ አረቀቀ። እስከ ዛሬ ካየኋቸው የሕግ ሰነዶች ሁሉ ይህን ያህል ግልጽ የሆነ አላጋጠመኝም።

በጀቱ ዘንድ ስንደርስ ቀልዱ ቀረ። የልዑካን ቡድኑ ስምንት ተጫዋችና አሥራ አንድ ኃላፊ አለው፤ የቡድን መሪ፣ ምክትል መሪ፣ ጸሐፊ፣ ገንዘብ ያዥ፣ ኦዲተር፣ አሠልጣኝ፣ ምክትል አሠልጣኝ፣ የሕዝብ ግንኙነት፣ የፕሮቶኮል ኃላፊ፣ አስተርጓሚና ወጌሻ። ጸሐፊው የግድ ነው፤ ይህን የምለው እኔ ስለሆንኩ አይደለም። ወጌሻው ግን ለምን ብዬ ጠየቅሁ። ተጫዋቾቹ ወንበር ላይ ተቀምጠው ነው የሚውሉት። ሰብሳቢው በሐዘን ተመለከቱኝና «ጣት አይወለቅም?» አሉ። የሰብሳቢው የእህት ልጅ ወጌሻ መሆኑን የሰማሁት ከዚያ በኋላ ነው።

ውሎ አበል በኃላፊነት ደረጃ ይለያያል፤ ተጫዋቾች ልጆች ስለሆኑ «ኪስ ገንዘብ» ተመድቦላቸዋል። ባነር፣ ቲሸርት፣ ለአስተናጋጆች የሚወሰድ ሐልዋና ሙሽበክ፣ ከዚያ «ልዩ ልዩ»፣ ቀጥሎ ደግሞ «መጠባበቂያ»። በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት ስጠይቅ፣ ልዩ ልዩ ማለት በምን እንደሚወጣ የሚታወቅ ግን የማይነገር፣ መጠባበቂያ ማለት የሚነገር ግን በምን እንደሚወጣ የማይታወቅ መሆኑን ገንዘብ ያዡ አስረዳኝ። የምንዛሪው ነገርም አለ። የጅቡቲ ፍራንክ ከ1973 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አንዱ ዶላር በ177.721 ተቸንክሮ ቆሟል፤ የእኛ ብር ደግሞ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ ገበያው እንዳደረገው ያድራል። ስለዚህ ገንዘብ ያዡ ማታ ያጸደቅነውን በጀት ጠዋት ይሰርዘዋል።

ለሽልማት የተረፈችው ከሁሉ ያነሰች ናት። ሰብሳቢው ሊያጽናኑን ታሪክ ጠቀሱ። በ1972 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ስታንፎርድ ላይ በተደረገው የኮምፒውተር ጨዋታ ውድድር የአሸናፊው ሽልማት የአንድ ዓመት የመጽሔት ደንበኝነት ነበር። አንዱ ልጅ ቀበል አድርጎ በ2024 እ.ኤ.አ. ሪያድ ላይ ለተደረገው የኢስፖርት የዓለም ዋንጫ 60 ሚሊዮን ዶላር መመደቡን አስታወሰ። «እንግዲህ እኛ በሁለቱ መካከል ነን» አሉ ሰብሳቢው። ወደ መጽሔቱ ጠጋ ብለን ማለታቸው ነው።

ሁለቱን ቴሌቪዥን ከዚሁ ይዘን እንሂድ ሲባል የጉምሩክ ጉዳይ መጣ። ዕቃው ሲወጣ ካልተመዘገበ ሲመለስ ቀረጥ ሊጠየቅበት ይችላል። እሱስ ይሁን፤ የታይዋን ገበያ ባለባት ድሬዳዋ፣ ኤሌክትሮኒክስ ሁሉ ከዚያ ወደዚህ በሚመጣበት መንገድ፣ አንድ ሰው ቴሌቪዥን ተሸክሞ ከዚህ ወደዚያ ሲሄድ ደወሌ ላይ ያለው ፈታሽ ምን ይላል? ያብዳል። ወይም እኛ ያበድን ይመስለዋል። በዚያ ላይ የመመለሻው ጓዝ አለ። ወሬው በሰፈሩ ከተሰማ ጀምሮ እናቶች አንድ በአንድ እየመጡ «አደራ» ይላሉ። የዱቄት ወተት፣ ሽቶ፣ የልጅ ጫማ፣ የመጋረጃ ጨርቅ። የሻምፒዮኑ እናት ልጃቸው እንዲሄድ የፈቀዱት ሁለት ብርድ ልብስ ይዞ እንዲመለስ ነው። ስለ ዋንጫ አልጠየቁም።

ሲደመር ገንዘቡ አልበቃም፤ መቀነስ ግድ ሆነ። ክርክሩ አጭር ነበር። የፕሮቶኮል ኃላፊው «ተጫዋች ጅቡቲም ሞልቷል፤ ኃላፊ ግን እዚያ ሄደን ከየት እናገኛለን?» ሲል ሁሉም ራሱን ነቀነቀ፤ ተጫዋቾቹ ከስምንት ወደ ሦስት ወረዱ። ሻምፒዮኑ ልጅ ከዳር ቆሞ ሲሰማ ቆየና ጠየቀ።

«ጋሼ፣ ታዲያ ወጌሻው የማንን ጣት ነው የሚያሸው?»

«ታካሚ ሲያንስ የአገልግሎቱ ጥራት ይጨምራል» አሉ ሰብሳቢው።

«ደግሞም እኮ...» አለ ልጁ፣ «የጅቡቲ ልጆች ክረምት ሲመጣ ሙቀቱን ሸሽተው ከነቤተሰባቸው እዚሁ ድሬ ነው የሚከርሙት። ስምንቱም ይመጣሉ። ለምን እዚሁ ጌም ቤት አንጫወትም? በነጻ ነው።»

ለጥቂት ጊዜ የሻይ ማንኪያ ድምፅ ብቻ ተሰማ። አንዱ ቃል ሊናገር ከንፈሩን ከፍቶ መልሶ ዘጋው። ገንዘብ ያዡ ወረቀቱን አጠፈ። ሰብሳቢው ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ አስተያየቱ ገንቢ ቢሆንም ውድድሩ በአገር ውስጥ ከተደረገ የውሎ አበሉ አንቀጽ መሠረት እንደሚያጣ፣ የተገዛው ማኅተምም «ዓለም አቀፍ» የሚል ስለሆነ ሌላ ማኅተም እንደሚያስፈልግ አስረዱ። ሐሳቡ ከአጀንዳ ውጭ ስለሆነ በቃለ ጉባኤው እንዳይሰፍር ተወሰነ። እኔም አላሰፈርኩትም።

ቀጣዩ ስብሰባ ቅዳሜ በ11 ሰዓት ነው፤ በኢትዮጵያ አቆጣጠር። አጀንዳው የምክትል ወጌሻ ምርጫ ነው።