«የባህል ጌጥ ነው?»

ዛሬ ማንም እንዳያናግረኝ። ወደ አዲሱ ዩኒቨርሲቲ ያዛወርኩት ክሬዲት (የተማርኳቸው ኮርሶች ነጥብ) ውጤት መጣ። ከሁለት ዓመቱ ኮሚኒቲ ኮሌጅ ከያዝኩት 60 ክሬዲት እንግሊዝኛው፣ ሒሳቡ፣ ሳይኮሎጂው አለፈ። ድሮዊንግ 1፣ ቱ-ዲ ዲዛይን፣ ታይፖግራፊ? ሁሉም «ፍሪ ኤሌክቲቭ»። ተቀብለውታል፣ ግን የትኛውንም ኮርስ አይተካም። ዲዛይን ልማር ሄጄ ዲዛይኑን ብቻ ለቅመው ጣሉልኝ!

ቀጠሮ ይዤ ሄድኩ። ክሬዲት የምትገመግመው የዩኒቨርሲቲው ሴትዮ ፖርትፎሊዮዬን፣ የሥራዎቼን ስብስብ፣ ታገላብጣለች። ያ የግዕዝ ፖስተሬ ጋ ደረሰች። አዎ፣ ያ «ቋ» ገጹን ሞልታ የቆመችበት፣ በፊደሎቹ መሃል ያለውን ክፍተት ሳስተካክል እየነጋብኝ ያበድኩበት።

«በጣም ያምራል። የባህል ጌጥ ነው?»

«ፊደል ነው።»

«እሺ፣ ፊደሎቹ የትኞቹ ናቸው?»

«ሁሉም።»

ፈገግ አለች። «ለታይፖግራፊ 1 እኮ የፊደል ሥራ ነው ማየት ያለብን።»

በሉ ፍረዱኝ! ንጉሥ ኢዛና ይሄንን ፊደል ድንጋይ ላይ ሲያስቀርጽ የሷ አገር ካርታ ላይ አልነበረም። ይሄን አልኳት? አላልኳትም። «ቴንክ ዩ» ብዬ ወጣሁ። ቴንክ ዩ!

ልወጣ ስል ደግሞ «የፋውንዴሽኑን ዓመት እኛ ጋ ብትጀምሪው ትወጂዋለሽ» አለችኝ። መሠረታዊ ሥዕልና ዲዛይን የሚማሩበትን የመጀመሪያ ዓመት ማለቷ ነው። እኔስ እወደው ይሆናል፣ ክፍያውን ማን ይውደደው? ፔል ግራንት (መንግሥት አቅም ለሌለው ተማሪ የሚሰጠው የማይመለስ ገንዘብ) በዕድሜ ልክ 12 ሴሚስተር ብቻ ነው። ኳስና ሳጥን በእርሳስ ለማጥቆር ድጋሚ ላቃጥለው?

ሜሪላንድ በ2021 ሕግ አውጥታለች፣ ክሬዲት የከለከለ ምክንያቱን ያስረዳ የሚል። ደስ ብሎኝ ሳነበው የሚይዘው የስቴቱን የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ነው። የኔው የግል፣ ያውም ከስቴቱ ውጭ። አለቀ። የኮንግረስ ኦዲተሮች በ2017 ባወጡት ግምት ትምህርት ቤት የቀየረ ተማሪ በአማካይ 43 በመቶ ክሬዲቱን ያጣል። በሕይወቴ አማካይ የሆንኩት እዚህ ላይ ነው።

የድሮው ኮሌጄም ቅዱስ አይደለም። ባለፈው ትራንስክሪፕቴን፣ የውጤት ወረቀቴን፣ ያገቱት በፓርኪንግ ቅጣት ነው። በፓርኪንግ! ከፍዬም ሲስተሙ «አልከፈለችም» ይላል።

አባዬ ታክሲውን ዳር አስይዞ ደወለ። «ሚጣ፣ ስንት ዓመት ቀረሽ?» ሁለት ብዬው ነበር። «እያዩት ነው» አልኩት። ቤተክርስቲያን ደግሞ እትዬ እንደተለመደው «ነርሲንግ ብትገቢ ይሄኔ ሥራ ይዘሽ ነበር» ይሉኛል። እትዬ፣ ነርሲንግም ክሬዲት ይጥላል!

አሁን «ይታይልኝ» ለማለት የየኮርሱ ሲላበስ (ምን እንደተማርን የሚዘረዝረው ወረቀት) ይፈልጋሉ። የድሮዊንግ 1 አስተማሪያችን ኮሌጁን ለቋል፣ ኢሜይሉም ይመለሳል። አብራችሁኝ የተማራችሁ፣ ሲላበሱ ያላችሁ ኢንቦክስ አድርጉልኝ። የቡና ጠብታ ያለበትም ቢሆን እቀበላለሁ። «ነርሲንግ» የሚል ሰው ግን ብሎክ ነው።