ለአንድ ቃል አንድ ፍቺ ብቻ የሚያስሸመድደው ደብተር

በየትምህርት ቤቱ እንግሊዝኛ የሚሰጥበት መንገድ እጅግ ያንገበግበኛል። የደብተሩ ገጽ መሃል ለመሃል ይሰመራል፤ በግራ የእንግሊዝኛው ቃል፣ በቀኝ አንድ የአማርኛ ፍቺ ይጻፋል፤ ልጁም ያንኑ ሸምድዶ ለፈተና ይቀርባል። በእህቴ ልጅ ደብተር ላይ «ሰት» (set) ከሚለው ቃል ትይዩ የሰፈረው «አስቀመጠ» የሚል ብቻ ነው። ይህች በእንግሊዝኛ በ3 ፊደል የምትጻፍ ቃል ግን በ1989 እ.ኤ.አ. በታተመው የኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት ሁለተኛ እትም ከ400 በላይ ፍቺዎች የተሰጧት፣ ከቃላቱ ሁሉ ረጅሙን ማብራሪያ የያዘች ናት።

ልጆች 400ውን ይሸምድዱ የሚል የለም። ሆኖም በ9ኛ ክፍል፣ በአንዳንድ አካባቢም ከዚያ ቀደም ብሎ፣ ሒሳቡም ፊዚክሱም በእንግሊዝኛ ይሆናል። በሒሳብ ክፍለ ጊዜ «ሰት» ስብስብ ነው፤ ለፀሐይ ሲነገር መጥለቅ ነው፤ ለሲሚንቶ መጠንከር፣ ለተሰበረ አጥንት ወደ ቦታው መመለስ ነው። «አስቀመጠ»ን ብቻ ይዞ የገባ ተማሪ ከእነዚህ አንዱም አይገባውም፤ ከዚያም ሰነፍ ይባላል።

የቃሉ ታሪክ ቢነገራቸው እንኳ ነገሩ በቀለለ ነበር። ግሱ ከጥንታዊው እንግሊዝኛ የወረደ ሲሆን መነሻ ሐሳቡ «እንዲቀመጥ ማድረግ» ነው፤ ስብስብ የሚለው ስም ግን ከላቲኑ «ሴክታ»፣ ማለትም የአንድ መሪ ወይም የአንድ ትምህርት ተከታዮች ከሚለው ቃል፣ በጥንታዊ ፈረንሳይኛ በኩል የመጣ ነው። ሁለት የተለያየ ዘር ያላቸው ቃላት በድምፅ ገጥመው አንድ መሰሉ ማለት ነው፤ ይህን ለማስረዳት አምስት ደቂቃ ይበቃል።

ደግሞም ነገሩ ለልጆቻችን ባዕድ አይደለም። በአማርኛ እንጨት ይቆረጣል፣ ትኬት ይቆረጣል፣ ተስፋ ይቆረጣል፤ በዚህ ግራ የሚጋባ ሕፃን አላየሁም። የሠርግ ቀን መቁረጥና ዋጋ መቁረጥ ደግሞ በእንግሊዝኛ የሚነገሩት በዚችው በ«ሰት» ነው! መምህር የሆነ ሰው ይህን የመሰለ ድልድይ እጁ ላይ እያለ ለምን እንደሚያልፈው ፈጽሞ አይገባኝም።

ከሁሉ የከፋው እርማቱ ነው። ልጅቷ በፈተና ላይ ስለ ፀሐይ የተጻፈውን ዓረፍተ ነገር አንብባ «ጠለቀች» ብላ ብትመልስ፣ በደብተር ከተሰጠው ፍቺ ጋር አይመሳሰልም ተብሎ በቀይ እስክሪብቶ ተሰረዘባት። እናቷ ሄዳ ብታስረዳም ነጥቡ አልተመለሰላትም።